ከደጁ ወደ ውስጥ፦ የጋይንት መንገድ ማስታወሻ

ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደብረ ታቦርን፣ ንፋስ መውጫንና ጨጨሆን አልፎ ወልድያ ይገባል። ቻይናውያን ስለሠሩት የአገሬው ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ላሊበላ ለመድረስ የሚቸኩል መንገደኛ አብዛኛውን እንቅልፍ ላይ ሆኖ ያልፈዋል። እኔ የመጣሁት ግን ቤቶቹን ፍለጋ ነው፤ ያውም ውስጣቸውን።

አዲስ አበባ ውስጥ በውስጥ ዲዛይን ሙያ የሚተዳደሩ ወዳጆች አሉኝ። ሥራቸው የሆቴል አዳራሽ፣ የባንክ ቅርንጫፍና የአፓርታማ ሳሎን ነው። ክረምት መጥቶ የበጎ ፈቃድ ሥራ በተጀመረ ቁጥር «ሐኪሙ በነፃ ያክማል፣ መምህሩ በነፃ ያስተምራል፤ እኛ ምን እንስጥ?» እያሉ ይጨነቃሉ። ጥያቄያቸው ከልብ ስለሆነ እኔንም ያዘኝ። መልሱን በከተማ ከመፈለግ ይልቅ ቤት በገዛ እጅ በሚሠራበትና በሚዋብበት አገር ልፈልገው ብዬ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ማረፊያዬ አውራ አምባ ነበረ። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው ይህ ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩና በባልንጀሮቹ ተመሠረተ። ኑሮው በሽመና ነው። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፤ ይህ ብዙ ተጽፎለታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም በ2002 ዓ.ም. ለመሥራቹ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷል። ስለ ወጥ ቤቱ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው፤ እኔን ያስደነቀኝ ደግሞ እሱ ነው።

ምድጃው ዙሪያውን በጭቃ የተደፈነ ነው። እሳቱ ውስጥ ታፍኖ ይነዳል፤ ጭሱ ለራሱ በተሠራለት መውጫ ወደ ውጭ ይሄዳል። እሳት እየነደደ አጠገቡ ቆሜ ዓይኔ አላለቀሰም። የዕቃ መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኖ በጭቃ የተበጀ ነው። ጠርዙ ክብ ነው፤ አቧራ የሚደበቅበት ስንጥቅ የለውም፤ እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲያልፍበት ይጸዳል። ለዚህ ሁሉ ከገበያ የተገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አፈሩ ከጓሮ፣ ጭዱ ከአውድማ፣ ውኃው ከምንጭ ነው።

ማኅበረሰቡ ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ለወላጅ አልባ ሕፃናት ይሠራል፤ ገቢው የሚገባበትን ቋት «ለወገን ደራሽ» ይሉታል። ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎች የሚኖሩበትም ቤት አላቸው። እዚያ በጎ ፈቃድ የክረምት ዘመቻ አይደለም፤ በየሳምንቱ ተራው የሚደርስ ሥራ ነው። ወዳጆቼ እንዲያዩት የምመኘው በመጀመሪያ ይህን ነው።

ደብረ ታቦርን ቶሎ አለፍሁት። ጋፋትን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባትን መንደር፣ ሳላያት መቅረቴ ቆጭቶኛል። ከዚያ መንገዱ በጉና ትከሻ ላይ ይወጣል፤ አየሩ እየሳሳ፣ ብርዱ እየጠነከረ ይሄዳል። የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ቤት ሲሠራ ሁሉም ነገር ለብርዱ ተብሎ ነው፤ በሩ ጠባብ፣ መስኮቱ ትንሽ ነው፤ አንዳንዱ ቤት መስኮት የሚባል ነገርም የለው።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ በእጃቸው ሥራ የታወቁ አንዲት እናት እንዳሉ ተነገረኝ። ደጃቸው ስደርስ ጋቢያቸውን እያጣፉ ወጡ።

«ግቢ ልጄ፤ ውጭ ቆመሽ ብርዱ ይፈጅሻል።»

ከብርሃን ወደ ጨለማ ስለገባሁ ለጥቂት ጊዜ ምንም አላየሁም። ዓይኔ ሲለምድ መጀመሪያ የታየኝ ጎታ ነው። ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ፣ ቁመታቸው ከእኔ የሚበልጥ ጎታዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ቤቱን ለሁለት ከፍለውታል። ከጎታዎቹ ወዲህ እንግዳ መቀበያው፣ ወዲያ ጓዳው ነው። ለመጋረጃ ወይም ለግድግዳ የሚወጣ ወጪ የለም፤ እህሉ ራሱ ቤቱን ይከፍላል። በዚያ ላይ እህል የሞላ ጎታ ከኋላ የሚመጣውን ብርድ ይመክታል። መደቡ ደግሞ ከምድጃው በማይርቅ ግድግዳ ጥግ ተሠርቷል፤ ሌሊት የሚተኛበት ሰው የእሳቱ ሙቀት ይደርሰዋል። ግድግዳው ላይ እንደ ትንሽ መስኮት የተቦረቦረ የኩራዝ ቦታ አለ፤ ብርሃኑ መደቡንም ምድጃውንም እንዲያገኝ ታስቦ የተቀመጠ ነው። የአዲስ አበባ ወዳጆቼ በኮምፒዩተር የሚያወጡትን የቦታ አከፋፈል እኚህ እናት በመዳፋቸው ጨርሰውታል።

«እማማ፣ ጎታውን ማን አስተማረዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እናቴ ስትሠራ ጭድ አቀብል ነበር። እጅ እያየ ነው የሚማር።»

አሠራሩን አሳዩኝ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል። ከዚያ በጥቅልል እየተድቦለቦለ አንድ ዙር ይሠራል፤ ዙሩ ሲጠነክር ሁለተኛው ይደረብበታል። የቸኮለ ሰው ጎታ ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ እጃቸውን በውኃ እያራሱ ላዩን ይዳስሱታል፤ የጣታቸው መስመር ደርቆ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ቤቱን የሚለቀልቁት ደግሞ እበትና አመድ ቀላቅለው ነው። በመንደሩ ሙሽራ ቤት ስትገባ ወይም ሴት ስትወልድ ሄደው ይለቀልቃሉ፣ መደብ ይሠራሉ። ክፍያ አይጠይቁም። ወንዶች ለጣራ ደቦ እንደሚወጡ ሁሉ ሴቶች ለውስጡ ይሰባሰባሉ፤ ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ ሥራው ያልቃል። ሙያን በነፃ መስጠት ለእኚህ እናት ጎረቤት መሆን ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም አሳዝኖኛል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሲያወሩም ያስላሉ። ጭሱ የሚወጣው በበሩና በጣራው ስር ባለው ክፍተት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ውስጥ በሚነድ እሳት የሚመጣ የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት መሆኑን ገምቷል። ነገሩ ቀላል መስሎት ጭስ ማውጫ ማበጀት ብቻ ይበቃል የሚል ሰው ብዙ ነው። የሣር ክዳን ግን ጭስ ይፈልጋል፤ ምስጥና ነቀዝ እንዳይበላው፣ እርጥበት እንዳያበሰብሰው የሚጠብቀው ጥላሸቱ ነው። የቀደሙት ሰዎች ጭሱን በቸልታ አልተዉትም፤ ለጣራው ሲሉ ታግሠውት ነው። አሁን ጣራው ቆርቆሮ በሆነበት ቤት ግን ጥቅሙ ሄዶ ጉዳቱ ብቻ ቀርቷል። በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የሚታደሱ የአቅመ ደካሞች ቤቶችን ሳይ የማዝነው በዚህ ነው። ቆርቆሮው ተቀይሮ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ ቁልፉ ተሰጥቶ ፎቶ ይነሣል። ምድጃው ግን እዚያው፣ በተዘጋ ቤት መሐል፣ እንደ ድሮው ይነዳል። አንድ የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ቡድኑ ውስጥ ቢኖር የመጀመሪያ ጥያቄው «እሳቱ የት ነው የሚነደው?» ይሆን ነበር።

ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ሌላ ዓይነት ክፍልም አለ፤ ልዘለው አልችልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማዋ ለዘጠኝ ቀናት በሕወሓት ተዋጊዎች ተይዛ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ አሥራ ስድስት ሴቶች የደረሰባቸውን የአስገድዶ መድፈር ጥቃት መስክረዋል። ሆስፒታሉና ጤና ተቋሙ ስለተዘረፉ የሚያስፈልጋቸውን ሙሉ ሕክምና አላገኙም። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰባት ሴት የምትመረመርበት ክፍል ምን መምሰል እንዳለበት የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። በሩ ሲከፈት ከመተላለፊያው የሚታይ አልጋ፣ ድምፅ የሚያሳልፍ ኮምፔንሳቶ፣ አጭር መጋረጃ፣ ወረፋ ጠባቂ ሁሉ ፊት ለፊት የተቀመጠ ወንበር፤ እነዚህ ሰው አፉን እንዲዘጋ የሚያደርጉ ነገሮች ናቸው። አልጋውን ወደ ጥግ ማዞር፣ መጋረጃውን እስከ ወለል ማውረድ፣ መቀመጫውን ወደ ጎን ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። የሚፈልገው እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያስተውል ባለሙያ ነው። የወዳጆቼ ሙያ ቅንጦት እንዳልሆነ ያመንሁት እዚህ ነው።

ማታ በእንግዳ ማረፊያው፣ በሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ፣ ሩቅ አገር ያሉትን የጎታ ሠሪዋን እናት የሙያ እህቶች አሰብሁ። በሳዑዲ ዓረቢያ አሲር የሚባል ተራራማ አገር አለ። እዚያ ሴቶች የእንግዳ መቀበያ ግድግዳን በቀለማት ይስላሉ፤ «ቀጥ» ይባላል ሥራው። የቤቱ እመቤት ዘመዶቿን፣ ከልጃገረድ እስከ አሮጊት፣ ትጠራለች፤ ሁሉም መጥተው አብረው ይሠሩላታል፤ ልጆቹም እዚያው ይማራሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ከወሎም ከጎንደርም ስንት እህቶቻችን በዚያ አገር የሰው ቤት ሲጠርጉ ኖረዋል፤ የገዛ እናቶቻቸው ልቅለቃ ግን መዝገብ ቀርቶ ፎቶ እንኳ አላገኘም። በቡርኪና ፋሶ ቲየቤሌም የካሴና ሴቶች ቤቱን በቀይ፣ በነጭና በጥቁር አፈር አስጊጠው በድንጋይ እየፈተጉ ያለሰልሱታል፤ የአለቃው ግቢ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከሁሉ ይልቅ ለወዳጆቼ የምነግራቸው ግን የፓኪስታኗን ያስሚን ላሪን ነው። በአገሯ የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት ነች፤ ለድርጅቶችና ለባለጸጎች ትልልቅ ሕንፃዎች ሠርታ ጡረታ ወጣች። እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ዕውቀቷን ለድሆች መንደር አዋለችው። ከሠራቻቸው ውስጥ አንዱ ከጭቃ የሚበጅ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ነው። እሷ አሠራሩን ታስተምራለች፤ የሚሠሩት የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤ ጌጡንም እንደየልባቸው ያደርጉበታል። ምድጃው እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም መኖሪያ ሽልማት አግኝቷል። አውራ አምባ ያየሁት ምድጃ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ጎደሎው ከፎገራ ተነሥቶ ጉናን ተሻግሮ ላይ ጋይንት የሚያደርሰው ሰው ብቻ ነው፤ መንገዱ እንደሆነ አንድ ነው።

በጋይንት ስለ ቤት ውስጥ ነገር ከተነሣ ቤተልሔምን አለማንሣት ነውር ነው። የአብነት ተማሪ ድጓውን የሚያስመሰክርባት ይህች ደብር ከውጭ ስትታይ እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ነች። አየርላንዳዊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 መጥቶ ሲገባ ያገኘው ግን ሌላ ነበር። በክቡ ቤት ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን፣ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሙሉውን ተቀምጧል። ወሬውን ከአራት ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም ነገረ። ለአገሬው ካህናት ግን አዲስ ነገር አልነበረም። እኔን የገረመኝ ያን ክብ ቤት የደረቡት ሰዎች ሐሳብ ነው። የቆየውን አላፈረሱም፣ አላስፋፉም፤ ዝናብና ንፋስ እንዳይነካው ሌላ ቤት አለበሱት። የአሁን ባለሙያ የድሮ ቤት ሲሰጠው እጁ ቶሎ ወደ መዶሻ ይሄዳል።

ከንፋስ መውጫ በወጣሁበት ቀን አንድ ወጣት አገኘሁ። በጂፕሰምና በቀለም ቅብ ሥራ ይተዳደራል፤ የሆቴልና የመኖሪያ ቤት ኮርኒስ ይሠራል። ሲመቸው ደግሞ የተማረበትን ትምህርት ቤት ክፍሎች ያለ ክፍያ ይቀባል። ሊያሳየኝ ወሰደኝ። የጥቁር ሰሌዳውን ቦታ ለውጦታል፤ ጠዋት ፀሐይ ከመስኮቱ ገብታ ሰሌዳው ላይ ስታንጸባርቅ የኋላ ተማሪዎች አያነቡም ነበር። የግድግዳውን የታች ግማሽ ልጆቹ በጭቃ እግራቸው ስለሚደገፉት ጠቆር ባለ የዘይት ቀለም ቀብቶታል፤ የላዩን ብርሃን እንዲመልስ ነጭ አድርጎታል። «ዲዛይን የሚባል ትምህርት ቤት አልገባሁም» አለኝ። የአዲስ አበባ ባለሙያዎች በክረምት ቢመጡ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። ገንዘብም ቀለምም አላለም። ሁለት ነገር ነው የጠየቀው፦ ለብርዱ የሚሆን ኮርኒስ በርካሽ ከምን እንደሚሠራና ጭስ ማውጫ በቆርቆሮ ጣራ ሲያልፍ ዝናብ እንዳያስገባ እንዴት እንደሚታሰር።