5 ማይክሮግራም እንዴት 5 ግራም ይሆናል?

ላቴክ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ቶሎ ከሚተዋወቃቸው የስህተት መልእክቶች አንዱ «አንዲፋይንድ ኮንትሮል ሲኩዌንስ» የሚለው ነው። በአጭሩ «ይህን ትዕዛዝ አላውቀውም» ማለት ነው። ብዙው ሰው ግን አያነበውም። ኢንተር ይጫንና ያልፋል። ፒዲኤፉም ይወጣል፤ ገጾቹም ያምራሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የላቴክ መሠረት የሆነውን ቴክን ዶናልድ ክኑዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 የገዛ መጽሐፉ የሕትመት ጥራት ቢያበሳጨው ነበር። ይህ ፕሮግራም የማያውቀውን ትዕዛዝ እንዲያልፍ ከተፈቀደለት ትዕዛዙን ጥሎ ይቀጥላል። በቦታው ምልክት አይተውም።

የፋርማሲ ተማሪ «5 ማይክሮግራም» ጻፈ እንበል። የማይክሮን ምልክት የሚያወጣው ትዕዛዝ «ጄንሲምብ» ከሚባል ፓኬጅ ነው የሚመጣው። ጽሑፉን ወደ ሌላ ቴምፕሌት ሲያዛውር ፓኬጁን የምትጠራው አንዷ መስመር ቀረች። ወረቀቱ ላይ 5 ግራም ይነበባል። ልዩነቱ ሚሊዮን እጥፍ ነው!

መፍትሔው የሚጀምረው መልእክቱን ከማንበብ ነው። የመስመር ቁጥር ይሰጣል፤ መስመሩንም ለሁለት ሰብሮ ያሳያል። በላይኛው ግማሽ መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ነው የማይታወቀው። አንዳንዴ የፊደል ግድፈት ብቻ ነው። ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ለላቴክ አንድ አይደሉም። አንዳንዴ ደግሞ ክፍተት ተረስቶ ነው፤ ከአልፋ ትዕዛዝ ቀጥሎ ኤክስ ከተለጠፈ ሁለቱን አንድ ቃል አድርጎ ይወስዳቸዋል። ከጓደኛ ፋይል ተገልብጦ የመጣ አንቀጽም አለ፤ ጓደኛው ለራሱ የፈጠረው አቋራጭ ትርጉሙ እዚያው ፋይል ውስጥ ቀርቷል። እሱንም ማምጣት ነው። ስህተቱ ብዙ ከሆነ ከመጀመሪያው መነሳት ይሻላል፤ አንድ የተረሳ ፓኬጅ ሃያ ቀይ መስመር ሊያወጣ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ለማይታወቀው ትዕዛዝ ባዶ ትርጉም ሰጥቶ መልእክቱን ማጥፋት ነው። አቤቱታ አቅራቢውን ከበር መልሶ «ቅሬታ የለም» ብሎ ሪፖርት ከሚጽፍ ቢሮ አይለይም።

ኦቨርሊፍ ላይ የሚሠሩ ደግሞ በመጀመሪያው ስህተት እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። ቢያንስ ጽሑፉ ለአማካሪው ከመላኩ በፊት እሱን አብርቶ አንዴ ማስኬድ ነው።