ሊደመሰስ የነበረው ዲስክ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ልጆች ለኮምፒዩተር የእንጀራ ልጆች ነን። የመጽሔታችን ጽሑፎች የተቀመጡበትን ዲስክ ስንፈልግ፣ የሊኑክስ ከርነል በምርመራ መዝገቡ ያተመው ባለ 32 አኃዝ መለያ በደብተራችን ካለው ጋር አልገጠመም፤ መጨረሻው ልክ፣ መጀመሪያው ግን ሌላ። «የእኛ አይደለም፤ ይደምሰስ!» ስንል አንድ የሳይንስ ወንድማችን እጃችንን ያዘ። እኛ 16ቱን ባይቶች ዲስኩ ላይ እንደ ተደረደሩ ቀድተናል፤ ከርነሉ ግን በ«ኤል» ትእዛዝ ሲያትም የፊተኞቹን ሦስት ክፍሎች ባይት በባይት ይገለብጣል፤ 01020304 የነበረው 04030201 ይሆናል። የኋለኞቹን ሁለቱን አይነካም። በ«ቢ» ቢታዘዝ ኖሮ እንዳለ ባተመው ነበር። ወንድሞችና እኅቶች፣ ቁጥር ስትቀዱ ከየትኛው ወገን እንደ ተነበበም ጻፉ። የዚህ እትም ግማሽ ከዚያ ዲስክ የወጣ ነው።