ላልተጠራች የደረሰ መልእክት



በጀመዓችን ውስጥ የወረታ ልጆች ሦስት ነን። ወረታ ሲባል ሰው የሚያስበው ሩዙን ነው፤ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁት። ግን ሁሉም መሬት ውኃ አይተኛበትም። የአንዳችን አጎት ከሜዳው ወጣ ባለች ደረቅ ማሳ ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲያበቃ ማሳዋን ሐምራዊ አበባ ለብሳ አገኘናት። ማሽላው ጠውልጓል። አቀንጭራ ነበረች።

«እንንቀላት» ብለን ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብለን ነቀልን። አጎታችን ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና «ልጆቼ፣ ይቺ ከላይ ስትታይ ከታች ጨርሳለች» አሉን። እኛ የተማርነው አልሰማናቸውም። ነቀላው ዘሯ እንዳይረግፍ ይረዳ ይሆናል እንጂ የዓመቱን ማሽላ አልመለሰም። ከማሳዋ አንድ ኩንታል እንኳ አልገባም።

ግቢ ስንመለስ ኤሌክትሪካል የሚያጠናው ጓደኛችን የሴሚናር ርዕስ ደረሰው፤ በሞለኪውል የሚደረግ ግንኙነት። አንድ ማታ ከዒሻ በኋላ ዶርም ውስጥ ያስረዳን ጀመር። እዚህ የሬዲዮ ሞገድ የለም። ላኪው ሞለኪውል ይለቃል፣ ሞለኪውሉ በውኃ ወይም በደም ውስጥ እየተበተነ ይጓዛል፣ ተቀባዩ በኬሚካዊ ለውጥ ያውቀዋል። ሐሳቡ ሰውነት ውስጥ ገብተው ለሚሠሩ ጥቃቅን መሣሪያዎች ነው። ችግሩ ሞለኪውሎቹ እዚያው ይቆያሉ፤ የቀድሞው መልእክት ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ተቀባዩ አንብቦ ማጽዳትም አለበት።

የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪው አላስጨረሰውም። «ይቺ እኮ የአጎትህ አቀንጭራ ናት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሽላ ሥር ፎስፈረስ ሲያጥረው ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ሞለኪውሎችን ወደ አፈር ይለቃል። ጥሪው ፎስፈረስ ለሚያመጡለት ወዳጅ ፈንገሶች ነው። አቀንጭራ ግን ሳትጠራ ትሰማለች። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ታረግፋለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ ይችላል። ሥር በሌለበት ከበቀለች በቀናት ውስጥ ስለምትሞት መሳሳት አትችልም። ሞለኪውሉ አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ካለ ሕያው ሥር ቅርብ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመን ተቀባዩ ነው። የዘሯ ፕሮቲን ኢንዛይምም ነው፤ ሞለኪውሉን ለሁለት ይቆርጠውና አንዱን ቁራጭ ይይዘዋል። ደብዳቤውን ቀድዳ ታነበዋለች እንደማለት፤ የተነበበው ዳግም አይነበብም። ጆሮዋም ስል ነው፦ በአንድ ሊትር ውኃ ከግራም ቢሊዮንኛ ያነሰ ይበቃታል።

ይህን ንግግር ማቋረጥ ይቻላል። የወለንኮሚው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። በኋላ እንደታወቀው፣ አንዳንዱ ተቋቋሚ ማሽላ ዝም አላለም፤ የሚለቀውን ሞለኪውል ዓይነት ቀይሮ ነው አቀንጭራ በደንብ የማትሰማው። ሌሎች ደግሞ ማሽላ ሳይዘራ ሰው ሠራሽ ጥሪ እየረጩ ዘሯ በከንቱ በቅሎ እንዲሞት ያደርጋሉ፤ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በገበሬዎች ማሳ ላይ ተሞክሯል። ሩዝም ይህንኑ ጥሪ ይለቃል፤ ውኃ በተኛበት ማሳ ግን አቀንጭራ አይሆንላትም። ለካ እኛን የጋረደን ያ የምናማርረው ጎርፍ ነው!

በማግስቱ ስልክ ደውለን ሁሉንም ነገርናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙን።

«ዘንድሮ ኑግ ዘርቼባታለሁ። ኑግ ላይ አትወጣም» አሉ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ያ የምትሉት ዘር ግን የት ይገኛል?»

መልስ አልነበረንም። ወረታ ያለው ማዕከል የሩዝ ነው። ጎብዬ ወይም አብሺር የሚባሉትን ተቋቋሚ የማሽላ ዘሮች ማን ጋ እንደሚገኙ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በር ላይ እንጠብቃችኋለን። ኢንሻአላህ ከሚቀጥለው የዘር ወቅት በፊት ልናደርስላቸው ነው።