የሌላውን ሻጭ ማስታወቂያ ስለ መመርመር

ነፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ቃልን ያለ ሽቦ በነፋስ ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ዛሬ ደግሞ በዚሁ ሰፈር፣ ከለቡ እስከ ጀሞ፣ ገበያው ራሱ ያለ ሽቦ ሆኖአል፤ ሶፋውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የሕፃን አልጋውም በእጅ ስልክ ላይ በቴሌግራም ገጽ ተዘርግቶ ገዢውን ይጠብቃል። መዶሻ የሚመታ ሰው ስለሌለው ሐራጅ ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን ዕቃው አብልጦ ወደ ሰጠው ሰው ስለሚሄድ በጠባዩ ከሐራጅ ብዙ አይርቅም።

እኛም ባለፈው ክረምት ከላፍቶ ወደ ጠባብ የጋራ መኖሪያ ቤት ለመዛወር ስንሰናዳ፣ ከእናታችን የወረስነውን የሲንጀር የስፌት መኪና መሸጥ ግድ ሆነብን። ገንዘቡ ለልጆች የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ይፈለግ ነበር። «ቆራሌው» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ነጋዴ የሰጠን ዋጋ የብረት ዋጋ እንጂ የስፌት መኪና ዋጋ አልነበረም። ስለዚህ ዕቃውን ከማውጣታችን በፊት ሦስት ሳምንት ያህል የሌሎችን ሻጮች ማስታወቂያ ስናነብ ሰነበትን። ይህ በኛ አገር እንግዳ ልማድ አይደለም፤ በሬውን ወደ ገበያ የነዳ ገበሬ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት የጎረቤቱን በሬ ጥርስ ያያል፣ ስንት እንደ ተባለም ይጠይቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳነው፣ በማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ዋጋ የሻጩ ምኞት እንጂ የገበያው ፍርድ አለመሆኑን ነው። ኢቤይ በተባለው የአሜሪካ የሐራጅ ገጽ በቅርብ ጊዜ የተሸጡትን ዕቃዎች ከተሸጡበት ዋጋ ጋር ለይቶ ማየት ይቻላል። በኛ ገጾች ግን ዕቃው ሲሄድ «ተሽጦአል» ተብሎ ይጻፍና ዋጋው በሻጭና በገዢ መካከል ምስጢር ሆኖ ይቀራል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ሐረግማ ገበያን በመጋረጃ መሸፈን ነው። እንግዲህ ፍርዱን በሌላ ምልክት መፈለግ ነበረብን። በቴሌግራም ከማስታወቂያው ግርጌ ስንት ሰው እንዳየው ቍጥሩ ይታያል። ብዙ ሺህ ሰው አይቶት ያልተሸጠ አንድ ሲንጀር አገኘን፤ ያው ዕቃ በሳምንቱ በሁለት ሺህ ብር ቀንሶ እንደ ገና ወጣ፤ በሦስተኛው ጊዜ ዋጋው ጨርሶ ተትቶ «በድርድር» ተባለ። ሦስቱን በተርታ ያነበበ ሰው የሻጩን ልብ ያነባል።

የጽሑፉ ነገር ከዚህም ይበልጥ አስገረመን። አብዛኛው ሻጭ «በጣም ቆንጆ፣ ጥቂት ያገለገለ» ብሎ ያልፋል። በውጭ አገር ያሉት ግን በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር ይጽፋሉ፤ በቍጥሩ ፊት ያሉት ፊደላት የተሠራበትን ፋብሪካና ዘመን ያስታውቃሉና። የኛን አቧራውን ጠርገን ብናይ «ኢ ኤ» የሚል ተገኘ፤ ይኸውም በስኮትላንድ በክላይድባንክ ከነበረውና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ከተዘጋው ፋብሪካ መምጣቱን ነገረን። ስንት ዓመት እቤታችን ቆሞ ሳለ የትውልድ አገሩን ከባዕድ ማስታወቂያ ተማርን!

ጉድለትን መናገርም አለ። ፒየር ኦሚድያር በ1995 ኢቤይን ሲመሠርት መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር ማመልከቻ ነበር፤ በ14.83 ዶላር የገዛው ሰውም መበላሸቱን ያውቅ እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ የተበላሹትን እንደሚያሰባስብ መለሰ ይባላል። እኛም የመርገጫው ጠፍር የተበጠሰ መሆኑን በመጀመሪያው መሥመር ጽፈን 15,000 ብር አልን።

በአራተኛው ቀን የራሳችንን ፎቶግራፍ፣ ከነመጋረጃችን አበባ፣ በአንድ ደላላ ገጽ ላይ በ19,000 ብር ተለጥፎ አገኘነው። የጠፍሩ ነገር ከጽሑፉ ወጥቶአል። የሌላውን ማስታወቂያ አንብቦ መማር ሌላ፣ የሌላውን ሥዕል ነጥቆ መነገድ ሌላ ነው። ከመካከላችን አንዱ እንክሰሰው ሲል፣ ሌላው ግርጌውን ተመለከተ፤ የደላላውን ከኛ የበለጠ ሰው አይቶት ነበር። ቢሆንም ዋጋችንን አልጨመርንም፤ የደላላውም 19,000 ብር ምኞት ነበረና።

በመጨረሻ ከሃና ማርያም የመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ ገዙን። ከመደራደራቸው በፊት መኪናውን ዘንበል አድርገው ሆዱን ተመለከቱ፣ ቍጥሩንም በስልካቸው ካለው ፎቶግራፍ ጋር አስተያዩ፤ ከዚያም ለጠፍር መግዣ አምስት መቶ ብር አስቀንሰው የቀረውን በቴሌብር ከፈሉ። ያን ዕለት ማታ በማስታወቂያችን ላይ «ተሽጦአል» ብለን ስንጽፍ 14,500 ብር የሚለውንም አከልንበት። በማግሥቱ አንድ የማናውቀው ሰው ደውሎ፣ እሱም የሚሸጠው ሲንጀር እንዳለው ነግሮን፣ የጻፍነው ዋጋ እውነት እንደ ሆነ ጠየቀን። እውነት ነው አልነው፤ የጠፍሩንም ነገር ጨምረን ነገርነው።