የሦስት ሳምንት ሻንጣ

ለሃያ አንድ ቀን ትምህርት ወደ ውጭ አገር ልትሄዱ ነው እንበል። ሻንጣችሁ ምን ያህል ይከብዳል? የእኔ ሃያ ሦስት ኪሎ ሞልቶ ነበር። እናቴ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ጭኮውን፣ ጋቢውን ስትጠቀጥቅ «እማዬ፣ ሦስት ሳምንት ብቻ እኮ ነው» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ሊሸኙኝ የመጡ ጎረቤቶችም ጸልየው መርቀውኛል፤ ከምርቃቱ መካከል ግን «በሰላም ተመለሺ» የሚል አልሰማሁም። «በሄድሽበት ይቅናሽ፤ እኛንም አትርሺን» ነበር የተባልኩት። እናንተም ሰው ሸኝታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ሳትሉ አልቀራችሁም። አልፈርድባችሁም።

ጊዜው ግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው። የውኃ ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከክፍላችን ሦስት ተማሪዎች ተመርጠን ደልፍት ወደምትባል የሆላንድ ከተማ ለአጭር ሥልጠና ተላክን። ቀደም ባለው ዓመት አምስት ነበሩ የሄዱት፤ ሁለቱ ግን በዚያው ቀሩ። መምህራችን ለእኛ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍ «በሙሉ ኃላፊነት ይመለሳሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገብቶ ፈርሟል። ከመሄዳችን በፊት ደብዳቤውን አስነበበን እንጂ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ከባሕር ጠለል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብላ ከምትገኝ ከተማ ወጥቼ ያረፍኩበት የአምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕሩ በሦስት ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ጥንት ሐይቅ የነበረ ቦታ ነው፤ ውኃውን መጥጠው አውጥተው መሬት አደረጉት። ይህን በትምህርት ባውቀውም መንደርደሪያው ላይ ስናርፍ እግሬን ሳላስበው ከፍ አድርጌ ነበር።

ያረፍኩት የሰባ ሁለት ዓመት አዛውንት ቤት ነው። «ስሜን ጥሪኝ» አሉኝ። እንዴት ብዬ! በእናቴ እናት ዕድሜ ያለን ሰው በስም መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ ሦስቱንም ሳምንት ሳልጠራቸው፣ ፊት ለፊታቸው እየቆምኩ ጨረስኩት። የመጀመሪያው ቀን ማታ ራት አቅርበው «ትጨምሪያለሽ?» ሲሉኝ እንደ አገሬ ወግ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። እንግዲህ «በሞቴ» እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነው። ሳህኑን አንስተው አጠቡት! እራት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በልቶ ዐይን እያየ ምግብ ሲነሣ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚያች ሌሊት የእናቴ ጭኮ ባይኖር ኖሮ... ሻንጣው ያለ ምክንያት አልከበደም ማለት ነው። በማግሥቱ «አዎ» ማለትን ተማርኩ። ብስክሌት ግን አልሆነልኝም፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ በእግሬ መሄዱን መረጥኩ።

ስለ ትምህርቱ ብዙ አልነግራችሁም፤ ሰሌዳና ቀመር የትም አንድ ነው። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በደልፍት አሮጌው ቦይ ዳር አንድ ጥንታዊ ሕንፃ አለ። በውስጡ ያለው የአካባቢው የውኃ ምክር ቤት ነው። ይህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1289 የነበረ ነው፤ ዛሬም አለ። መሳፍንቱ አልፈዋል፣ ነገሥታቱ ተለዋውጠዋል፤ ግድብ የሚጠብቁት ሰዎች ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። ሕዝቡ ተወካዮቹን ይመርጣል፣ ለውኃው ለብቻው ግብር ይከፍላል። ባለቤቷን አዛውንት ስለ ግብሩ ብጠይቃቸው ሲያማርሩ ቆዩና «ግን እከፍላለሁ። እኔ የዜላንድ ልጅ ነኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ዜላንድ ወሰዱን። ከባሕሩ መግቢያ ላይ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 62 ግዙፍ የብረት መዝጊያ ያለው መከላከያ አየን፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጠናቀቀ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሙሉ በሙሉ ሊዘጉት ነበር። ዓሣ አጥማጆችና ለተፈጥሮ የሚቆረቆሩ ሰዎች ተቃወሙ። ስለዚህ በደኅናው ቀን ክፍት ሆኖ ባሕሩ እንዲገባና እንዲወጣ፣ ማዕበል ሲመጣ ብቻ እንዲዘጋ አድርገው ሠሩት። ቆሜ ብዙ አየሁት።

ከዚያ አውወርከርክ በምትባል መንደር ወደሚገኝ ሙዚየም ገባን። ሙዚየሙ የተሠራው በአራት ግዙፍ የሲሚንቶ ሣጥኖች ውስጥ ነው፤ የተደረመሰውን ግድብ ለመድፈን ባሕር ውስጥ ያሰጠሟቸው ሣጥኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1953 ለየካቲት 1 አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት፣ ማዕበልና የባሕር ሙላት ተገናኝተው ግድቦቹን ሰበሩ። ሬዲዮ በዚያ ዘመን እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋ ስለነበር ማስጠንቀቂያው ለብዙው ሰው አልደረሰም። በሆላንድ ብቻ 1836 ሰው ሞተ። ሙዚየሙ ውስጥ ቁጥሩ የተጻፈው ግን «1835 ሲደመር 1» ተብሎ ነው። አስጎብኚውን ለምን ብዬ ጠየቅሁት። ያ አንዱ በዚያች ሌሊት ተወልዶ በዚያች ሌሊት ውኃ የወሰደው ሕፃን ነው አለኝ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ደቻቱን የምታውቁት፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጆች ሆነን ኳስ የምንጫወትበት፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ አቋርጦት የሚሄድ፣ ገበያ የሚዘረጋበት ወንዝ ነው፤ ወንዝ ከተባለ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ዝናቡ ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ላይ ወረደ። ዛፉ ያለቀበት ተራራ ውኃውን ሊይዝ አልቻለም። ሌሊት፣ ሰው በተኛበት መጣ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። አሥር ዓመቴ ነበር። አክስቴ ወንዙ ዳር ትኖር ነበር። እሷ በጣሪያ ላይ ተረፈች። የአሥራ አንድ ቀን ልጇ አልተረፈም። ስም ገና አልወጣለትም ነበር። ሙታን ሲቆጠሩ ይቆጠር አይቆጠር አላውቅም፤ በቤታችን ስለ እሱ ማንሣት ቀርቷልና።

ከሙዚየሙ ስመለስ ለአዛውንቷ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰምተው እሳቸውም የሰባት ዓመት ልጅ ሆነው በዚያች ሌሊት ጣሪያ ላይ እንዳደሩ ነገሩኝ። ከዚያ ጠየቁኝ፤ «እናንተ ጋ ከዚያ በኋላ ምን ተሠራ?» ግንብ ተሠርቷል አልኳቸው። «ግንቡን ማን ይጠብቀዋል?» መልስ አልነበረኝም። ለሥልጠና የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን የጠየቁኝ ግን ጡረተኛ የልብስ ሰፊ ናቸው።

በመጨረሻው እሑድ ሮተርዳም የሚኖረው የአጎቴ ልጅ መጥቶ ወሰደኝ። ከሐበሾች ጋር አመለክን፣ እንጀራ በላን። ማታ «ስሚ እህቴ፣ ዕድል ሁለት ጊዜ አያንኳኳም። ፓስፖርትሽን ለእኔ ስጪኝና የቀረውን እኔ አሳይሻለሁ» አለኝ። ክፉ መክሮኝ አይደለም፤ ወዶኝ ነው። ባቡር ጣቢያ ሲሸኘኝ ግን አባቱ የሞቱ ጊዜ በስልክ እንዳለቀሰ፣ ወረቀቱ ገና ስላልተሰጠው መሄድ እንዳልቻለ ነገረኝ። ለምን እንደነገረኝ እሱም ያወቀው አይመስለኝም።

ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። «ጸለይኩና ወዲያው መልስ አገኘሁ» ብላችሁ ውሸት ይሆናል። ጸልያለሁ፤ ከጸለይኩ በኋላም መቅረት ያምረኝ ነበር። አገራቸው አገዳ ሳይሆን ደግሞ ያምራል! ወደ ትክክለኛው ጎን የሳበኝ ትንሽ ነገር ነው፦ የመምህራችን ፊርማ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ፊታቸውን አውቀዋለሁ፤ አንዷ አጠገቤ የምትተኛ ልጅ ናት። ተሰድዶ የቀረውን ሁሉ እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙው ሰው እንደ እኔ የሚመለስበት ሰላማዊ ቤት ኖሮት የመረጠ አይደለም።

አውሮፕላን ማረፊያ የተገናኘነው ሁለት ነበርን። ሦስተኛው ስልኩን ዘግቷል። በሚቀጥለው ዓመት ከትምህርት ክፍላችን ማንም አልተላከም።

ቤት ስገባ እናቴ አቅፋ ሳመችኝ፤ ከዚያ ሻንጣውን አየች። «ተመለስሽ?» አለችኝ። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁን ብትሰሙት ኖሮ! ጎረቤቶችም ለሁለት ወር ያህል የታመምኩ ይመስል ሲያጽናኑኝ ከረሙ። «አይዞሽ፣ ሌላ ዕድል ይመጣል» የሚል ሰው ሞልቶ ነበር።

አሁን የምሠራው በጎርፍ መከላከል ላይ ነው። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ ድሬዳዋ ውስጥ እንደገና ሰው ሲገድል ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

በተመለስኩ በሳምንቱ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ቡና እያፈላች ነበር። ስለ አይብ ዳቦው፣ ስለ ብስክሌቱ ነግሬ አሳቅኋት። ከዚያ እየፈራሁ ስለ «ሲደመር አንድ» ነገርኳት። ጀበናውን እንደያዘች ቆየች።

«ለብቻው ጻፉት?» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ከዚያ በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልታወጣለት አስባ የነበረውን ስም ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ሁለተኛውን ቡና ቀዳችልኝ።