አንገትና ሆድ

አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ያሉት መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ ነው። ተረቱ እንቅርትን ሰው ተሸክሞት እንደሚኖር ጓዝ ይቆጥረዋል። የደጋው አፈር አዮዲን ያነሰው ነውና፣ በብዙ እናቶቻችን አንገት ላይ የኖረ ጓዝ ነው። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር፤ ለአክስቴ ግን ዘግይቶባታል።

ዘመኗን ሁሉ አብሯት የኖረው እብጠት እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ድንገት ያድግ ጀመር። የአንገቷ ንቅሳት ተለጠጠ፤ ድምፅዋ ሻከረ፤ እንጀራው አልዋጥ አላት። ሐኪሞች «አናፕላስቲክ» አሉት፤ ከታይሮይድ ካንሰሮች ሁሉ እምብዛም የማይታየውና እጅግ ጨካኙ። ሕዋሳቱ የተፈጠሩበትን ግብር ይዘነጋሉ፤ አዮዲን መቀበልን እንኳ ስለሚተዉ፣ በጨረራማ አዮዲን የሚደረገው ሕክምና አይገዛቸውም።

ሲሰራጭ ልማዱ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል ነው። የአክስቴ ግን ከልማዱ ወጣ። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ ደሟ አነሰ፤ በአፍ የሚገባው ካሜራ ጨጓራዋ ላይ ቁስል አገኘ። የናሙናው ምርመራ ከአንገቷ የመጣ መሆኑን ገለጠ።

«አንገቴ ታሞ ሆዴን ምን አደማው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ቤተ ዘመዱ «አይነገራት» ብሎ ነበር። አማርኛችን ምስጢርን የሚያኖረው በሆድ ነው፤ የቂምም የፍቅርም ማደሪያ እዚያው ነው፤ የማይነገረውንም «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ሆዷን በሽታ እየፈጀው ሳለ ዝምታዬን ልጨምርበት አልወደድኩም። ነገርኳት።

ጥቂት ዝም አለች። «ሁለት ልጅ ቀብሮ የቻለ ሆድ ነው፤ ይህንንም ይችላል» አለች። ከዚያም በርስት ተጣልተው ዐሥራ አንድ ዓመት ያልተነጋገሩትን ወንድሟን አስጠራች። በሩ ተዘግቶ ነበርና የተባባሉትን አልሰማሁም። እርሳቸው ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ እርሷ አጥሚት ጠየቀች።

ያረፈችው በሃያኛው ቀን ነው። «ባይነገራት ኖሮ ትሰነብት ነበር» የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። አልከራከራቸውም። የሕዋስን ጉዞ የሚገታ ቃል አልነበረኝም፤ ሃያውን ቀን ግን የራሷ አድርጋ ኖረችው።