ሲጎድል ጩኸት፣ ሲበዛ ዝምታ

ከሶዶ መናኸሪያ ወደ አረካ ወይም ወደ ቦዲቲ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ከመልስ ላይ 10 ብር ቢያጎድል ባለጉዳዩ ብቻ አይናገርም። ከጎኑ ያለውም፣ ከኋላ ያለውም ይናገርለታል። ያው ረዳት ተሳስቶ 50 ብር አብዝቶ ሲሰጥ ግን ብሩ ቶሎ ይታጠፍና ኪስ ይገባል፤ ተሳፋሪውም በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ይጀምራል። የሂሳብ ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው። የተለወጠው ስህተቱ ያጋደለበት ወገን ብቻ ነው።

ካዚኖ ባለባቸው አገሮች ይህ የቆየ ክርክር ነው። ካርታ አዳዩ ተሳስቶ ለተሸነፈው ቢከፍል ተጫዋቹ የመናገር ግዴታ አለበት ወይ? ብዙዎች «ቤቱ ሁልጊዜ አትራፊ ነው፣ አንድ ቀን ቢሳሳትልኝ ምን አለበት?» ይላሉ። እኛ አገር ካርታ አዳይ ባይኖርም የስፖርት ውርርድ ቤት አለ። እዚያ ሂሳብ የሚቀበለው ልጅ ተሳስቶ አብዝቶ የከፈለው ወጣትም የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ «ስንት ጊዜ በልተውኛል!»

የዚህ ጥያቄ ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከቁማር ቤት ሳይሆን ከባንክ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሸ። ሰዎች በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ መልእክት ከካምፓስ ካምፓስ ተዛመተ። የጅማና የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኤቲኤም ጋ ስለነበረው ሁኔታ ለዜና ሰዎች ተናግረዋል። ባንኩ በኋላ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል ተመለሰ። ባልመለሱት 567 ሰዎች ላይ ግን ባንኩ ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ።

ጉዳዩ ያኔ እንደ ቀልድ ተወራና አለፈ። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ሶዶን ጨምሮ፣ እስካሁን አልተመለሰም። ለዝምታው የሚቀርቡትን ሦስት ምክንያቶች አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

አንደኛው «ስህተቱ የእነሱ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የእነሱ ነው። ነገር ግን የተሳሳተው ሰው ስህተት ገንዘቡን የሌላው አያደርገውም። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ መርሁ ግልጽ ነው፤ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው «ማን ተሳሳተ?» ብሎ ሳይሆን «ገንዘቡ የማን ነው?» ብሎ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታየት አለበት። መልሱን ሳይቆጥር ኪሱ የከተተ ሰው አላወቀም፤ ስለዚህ ጥፋት የለበትም። ቆጥሮ ዝም ያለው አውቋል። ኤቲኤሙ እንደተሳሳተ አውቆ አምስት ጊዜ የተመላለሰው ደግሞ ዝም አለ አይባልም፤ ስህተቱን ሥራ አድርጎታል። ፊል አይቪ የተባለው አሜሪካዊ ቁማርተኛ በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በአንድ ካዚኖ 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ አሸንፎ ነበር። በካርታዎቹ ጀርባ ላይ የነበረ ጥቃቅን የሕትመት ልዩነት እንዲጠቅመው፣ አዳይዋ የተወሰኑ ካርታዎችን እንድታዞር ሰበብ ፈጥሮ ያስጠይቅ ነበር። እሱ ብልሃት ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ማጭበርበር ነው አለ። ሰውየው ስለራሱ የሚያስበው ሚዛን አይሆንም፤ ሚዛኑ ተራ ቅን ሰው ድርጊቱን ቢያይ የሚለው ነው። በአምስተኛው ዙር ኤቲኤም ፊት የቆመ ተማሪም ራሱን ብልጥ ብሎ ይጠራ ይሆናል። አያቱ ቢያዩት ግን ምን እንደሚሉት አይጠፋውም።

ሁለተኛው ምክንያት «ባንክ አይጎዳም» ይላል። ይህ ከሩቅ ሲያዩት እውነት ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን በየስህተቱ ሥር አንድ ሰው ይገኛል። የባንክ ገንዘብ ከፋይ ማታ ሂሳቡን ሲዘጋ ጉድለት ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። በብዙ ምግብ ቤት ሂሳብ የተሳሳተባት አስተናጋጅ ከደሞዟ ትከፍላለች። የሚኒባሱ ረዳት የቀን ገቢውን ለባለቤቱ ሲያስረክብ የጎደለው 50 ብር ከምሳው ነው የሚወጣው። ውርርድ ቤት የሚሠራው ልጅም እንደዚሁ፤ «ስንት ጊዜ በልተውኛል» የተባለው በድርጅቱ ላይ ነው፣ ጉድለቱ የሚያርፈው ግን በመስኮቱ በኩል በተቀመጠው ልጅ ላይ ነው። ንግድ ባንክ ደግሞ የሕዝብ ባንክ ነው። ከ38 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያለው ባንክ ሲጎዳ ጉዳቱ ለሁሉም ይከፋፈላል። ስለሚከፋፈል አይሰማም፤ አለመሰማቱ ግን የለም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይከብዳል፣ በተለይ ወላይታ ውስጥ። «እኛንስ ማን ከፈለን?» የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ፣ ሶዶም የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ በዞኑ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደሞዛቸው ለወራት ሳይከፈላቸው ቀርቶ አቤት ሲሉ ተሰምቷል። ሥራ አቁመው የተሰለፉም ነበሩ። ደሞዙ ሦስት ወር የዘገየበት መምህር ኤቲኤሙ በስህተት 3,000 ብር ቢጨምርለት ምን ይበል? ልጆቹ ቤት ውስጥ ይጠብቁታል። ባለሱቁ ዱቤውን አቁሟል። መንግሥት የእሱን ይዞ ዝም ሲል እሱ የመንግሥትን ባንክ ስህተት ይዞ ዝም ቢል ምን ነውር አለው?

ይህን ሰው ሌባ ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ችግሩ የጥፋቱን ክብደት ይቀንሳል። ከሆቴል ክፍል ሆኖ ለጨዋታ አምስት ጊዜ ካወጣው ጋር እኩል የሚፈርድበት ሰው ፍትሕን አያውቅም።

ነገር ግን ችግር ወቀሳን ያቀላል እንጂ ባለቤትነትን አያዛውርም። መምህሩ ገንዘብ ያለው በዞኑና በክልሉ ላይ ነው፤ ባንኩ ከእሱ አልተበደረም። ከዚህም በላይ የመምህሩ አቤቱታ ኃይል የሚያገኘው ከአንድ ቃል ነው፤ «የእኔን ስጡኝ» ከሚለው። ይህ ቃል የሚሠራው «የእኔ» እና «የሌላ» የሚባል ነገር ሁሌም እንዳለ ሲታመን ነው። ደሞዝ ያስቀረ ባለሥልጣን «በእጄ የገባ የእኔ ነው» ቢል የሚመለስለት መልስ ለኤቲኤሙ ብርም ይሠራል። ያን መልስ ለራሱ የተወ ሰው ከሌላው ላይ ሊጠይቀው ይቸገራል።

ታዲያ ዝምታው ለምን እንዲህ ቀለለ? መልሱን ወላይታ ራሱ ያውቀዋል። ለጊፋታ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ለሰንጋ መግዣ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፣ ሴቶቹ ቅቤ ያስቀምጣሉ። ሰንጋው ታርዶ ሥጋው ሲከፋፈል ለአንዱ በስህተት ሁለት መደብ ቢደርሰው ይዞ አይሄድም። ሕግ አንብቦ አይደለም። የጎደለበት ሰው ከፊቱ ተቀምጧል፤ ስሙን፣ ሚስቱን፣ የልጆቹን ቁጥር ያውቃል። ባንክ ግን ፊት የለውም። ውርርድ ቤት ፊት የለውም። ዝም ማለት የሚቀለው የሚጎዳው ሰው ፊት ሳይታይ ሲቀር ነው።

ባንኮችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በሞባይል አንድ ቁጥር ተሳስታ ለማታውቀው ሰው ብር የላከች እናት ወደ ባንክ ብትሄድ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቃት «ተቀባዩ ከፈቀደ እንመልሳለን» የሚል መልስ ነው። ባንኩ በራሱ ላይ ሲደርስ ግን በየቅርንጫፉ በር ፎቶ ለጠፈ። የ567 ሰዎችን ስም ለመለጠፍ የተገኘው ጉልበት ለእናትየዋም ቢገኝ ኖሮ፣ ሰውም ባንክን ከጊፋታ ማኅበር ለይቶ ባላየው ነበር። ከሰው ቅንነት የሚጠብቅ ተቋም ለሰው ስህተትም እንደ ራሱ ስህተት መሯሯጥ ይገባዋል።

ቢሆንም የባንኩ ጥፋት የተቀባዩን ዝምታ ንጹሕ አያደርገውም። ዛሬ ሶዶ ውስጥ ስልኩ ጮኾ የማያውቀው ሰው የላከው 2,000 ብር የገባለት ወጣት ከካዚኖው ተጫዋች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ላኪዋ ለልጇ የቤት ኪራይ የላከች እናት ልትሆን ትችላለች፤ ላትሆንም ትችላለች። ፊቷን አያይም። «ማን እንደላከ አላውቅም» ማለት ለአንድ ቀን ያስኬዳል፤ በሁለተኛው ቀን ግን ስልክ ደውሎ መጠየቅ፣ ባንክ ሄዶ መናገር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ መውሰድ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። ለሚኒባሱ ረዳት 50 ብሩን መመለስ የሚፈጀው «ወንድሜ፣ አበዛህ» ማለትን ብቻ ነው። መልሱ ቢጎድል ኖሮ ለመናገር ይኸው አፍ አይሰንፍም ነበር።